ሰልፍ የያዙት ድንጋዮች

ወጋየሁ ቆራጩ ዘንዶ ነበረው።

ዘንዶው ከፉሪ ጋራ ሥር፣ ሰባት በር ባለው ዋሻ ውስጥ ተጠቅልሎ የተኛ ነው። ጭራው ለቡ፣ ወገቡ ላፍቶ፣ ራሱ ደግሞ ንፋስ ስልክ፣ ልክ በልብስ ስፌት ፋብሪካው መጋዘን ሥር ያርፋል። ሲያንኮራፋ ከጎተራ እስከ ሳሪስ ያለው ቆርቆሮ ጣሪያ ሁሉ ይንጫጫል፤ ሲያዛጋ የአቃቂ ወንዝ ሽቅብ ይፈሳል። ይህን ዘንዶ ከወጋየሁ በቀር ያየው የለም። ያለው በአራት ዓመት በተሞሉ አራት ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተሮች ውስጥ ነው፤ እዚያም ቢሆን እስካሁን ከዋሻው አልወጣም።

አለመውጣቱ የወጋየሁ ስንፍና አይደለም፤ ዕቅድ ነው። በ1974 ዓ.ም. መስከረም ላይ ፋብሪካው ዕቅድ ሲያወጣ፣ ቀበሌው ሲያወጣ፣ የሴቶች ማኅበሩ ሲያወጣ፣ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ሳይቀር «በዓመቱ ይሞታሉ ተብለው የሚጠበቁ» ብሎ ሊያወጣ ሲል በስንት ልመና ተከልክሎ ሳለ፣ ወጋየሁ ምን በወጣው ከሰው ያንሳል? ከቆራጭ ክፍል በተረፈ ሰፊ ወረቀት ላይ በመስመሪያ አሰመረና ከአልጋው በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፈው። ተራ ቁጥር፣ ዝርዝር ተግባር፣ የሚከናወንበት ጊዜ፣ ክንውን በመቶኛ። እስከ ኅዳር የዘንዶው የዘር ሐረግ ይጠናቀቃል። እስከ ጥር ሦስተኛው በር ይገለጻል፣ ማጠፊያው ሳይቀር። ዘንዶው ራሱ የሚወጣው ሰኔ ሰባት ቀን፣ በአምስተኛው ደብተር፣ ገጽ ሠላሳ ላይ ነው።

በየወሩ መጨረሻ ሚስቱን አፀደን አልጋው ጫፍ ላይ ያስቀምጥና ቆሞ ሪፖርት ያቀርባል።

«በጥር ወር የተያዘው ዕቅድ ሃያ ገጽ ሲሆን፣ የተከናወነው አሥራ አንድ ገጽ ነው። ይኸውም ሃምሳ አምስት በመቶ።»

«የቀረውስ?» ትላለች አፀደ፣ ሽንኩርቷን እየላጠች።

«የቀረው ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ተስተጓጉሏል።»

«ምን የሚሉት ምክንያት?»

«ዕቅዱን ሳዘጋጅ ጊዜው ሄደ።»

አፀደ ትስቃለች፤ ወጋየሁ ግን አይስቅም። የሚያልመው ነገር ነበረዋ። የፋብሪካው ሠራተኛ ማኅበር የባህል ክፍል በዚያ ዓመት «አንድ የሠራተኛ ድርሰት በስቴንስል አባዝቶ ማሰራጨት» የሚል መስመር ዕቅዱ ውስጥ አስገብቶ ነበር። አንድ ድርሰት፣ ሁለት መቶ ቅጂ፤ ሽፋኑ ላይ የደራሲው ስም በትልቁ ተጽፎ ለሠራተኞች ቀን የሚታደል። የሚመርጠው ሠራተኛው ራሱ ነው። ድርሰቶቹ ምሳ ሰዓት ላይ በመመገቢያ አዳራሹ እየተነበቡ ይቆዩና መጋቢት መጨረሻ ላይ እጅ ይወጣል። ወጋየሁ ስሙን ያልጻፈበት ቦታ የለም፤ ጨርቅ ላይ በጠመኔ፣ አቧራ በለበሰ የውይይት ታክሲ መስታወት ላይ በጣቱ። በታይፕ ተመትቶ ግን አንዴም አይቶት አያውቅም። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ትምህርቱን ከሰባተኛ ክፍል ያቆመ፤ ሚስት አለው፣ ልጅ የለውም፣ ዘንዶ አለው። ያ ስም ተመትቶ ሁለት መቶ እጅ ውስጥ ሲገባ ሳያይ መሞት አይፈልግም ነበር።

እስከ ኅዳር ድረስም ተወዳዳሪ አልነበረውም። ከዚያ ገዲሴ መጣች።

ገዲሴ ቁልፍ የምትተክል ልጅ ናት። በየቀኑ ጠዋት ከለቡ ማዶ፣ ከአባቷ ከሂርጳ ማሳ፣ በእግሯ ነው የምትመጣው። ከሦስት ዓመት በፊት ሀን ከለ አትለይም ነበር። ታዲያ ማን አስተማራት? ራሱ ወጋየሁ ነዋ። በመሠረተ ትምህርቱ ዘመቻ ከሥራ በኋላ እዚያው መመገቢያ አዳራሽ ውስጥ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሎ፣ እሱ በጠመኔ ሲጽፍ እሷ ስትገለብጥ፣ የእሱን «ሀ» ቅልስ፣ የእሱን «መ» ሆድ፣ የእሱን የአራት ነጥብ መንጋደድ ሳይቀር ገለበጠችው። ከዚያ ወዲህ የሁለቱ እጅ ጽሑፍ አንድ ነው። አንዴ ወጋየሁ ቸኩሎ ስሙን ሳይጽፍ የፈቃድ ማመልከቻ ቢያስገባ፣ ሁለት ቀን ፈቃድ ለገዲሴ ተሰጣት። እሷም ወሰደችው።

ይህች ልጅ ናት እንግዲህ አንድ ቀን ደብተር ይዛ ለቦጋለ የሰጠችው። ቦጋለ የመጋዘን ጫኝ ነው፤ ድምፁ ግን ራዲዮ ነው፣ ያውም አዲስ ባትሪ የገባበት ራዲዮ። የምሳ ሰዓት አንባቢው እሱ ነበር። ደብተሩን ገለጠና «ደመና የምታልበው ሴት» ብሎ ጀመረ።

ሴትዮዋ በየንጋቱ የወተት ቅሏን ይዛ ፉሪ ጋራ ላይ ትወጣለች። ደመናዎቹን በስማቸው ትጠራቸዋለች። ዳለቻ ትላለች፣ ቡሬ ትላለች፤ እነሱም እየተንገዳገዱ ይመጣሉ። ጎናቸውን መታ መታ አድርጋ ተንበርክካ ታልባለች። ጥቁሯ ትራገጣለች፤ መብረቅ የምንለው እርግጫዋ ነው። አንዳንዷ ደግሞ ጥጃዋ የሞተባት ናትና አላወርድም ትላለች፤ ያኔ ሴትዮዋ የጉም ጥጃ ሠርታ ከፊቷ ታቆምላታለች።

የጉም ጥጃው ጋ ሲደረስ አዳራሹ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ማንኪያ አልነበረም። ካውያ የምትተኩሰው እትዬ ሐሚዳ ጉርሻዋን አፏ አጠገብ እንደያዘች ደርቃ ቀረች፤ ወጡ በክንዷ ወርዶ ክርኗ ጋ ሲደርስ እንኳ አላወቀችም። የሥራ ደወሉ ሲደወል ሰው ሁሉ ደወሉን እንደ ጠላት አየው።

ወጋየሁ ምግቡን አልጨረሰም። ሆዱ ውስጥ አንድ ነገር ተቀምጦ ነበር፣ ትኩስ ካውያ የሚያክል።

በማግስቱ የዘንዶው ተራ ሆነ። ቦጋለ የሁለተኛውን በር ማጠፊያ ማንበብ ጀመረ። ስምንት ገጽ ማጠፊያ ነው። አምስተኛው ገጽ ላይ ቦጋለ ራሱ አዛጋ፤ እሱ ሲያዛጋ ደግሞ ከፊት የተቀመጡት አዛጉ፣ ማዛጋቱ እየተላለፈ በሩ ጋ ያለው ዘበኛ ድረስ ደረሰ።

«ጋሽ ወጋየሁ፣ ይሄ እንስሳ ሞቶ እንዳይሆን?» አለች አንዷ ከኋላ።

«ገና ነው፤ ሰኔ ላይ ይወጣል።»

«ሰኔ ላይማ ክረምት ሊገባ ነው፤ ባይወጣ ይሻለዋል» አለች እትዬ ሐሚዳ። አዳራሹ ሳቀ። ገዲሴ ብቻ አልሳቀችም፤ አንገቷን ደፍታ መርፌ የወጋው ጣቷን ታያለች። ባትስቅም አናደደችው። የማትስቀው አዝናለት ነዋ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወጋየሁ ጨርቅ ሲቆርጥ እሷን ያስባል፣ ሲበላ እሷን ያስባል፤ ወዶ የሚያስባት ቢሆን ኖሮ አፀደ በገደለችው። ሰማዩን ቀና ብሎ ባየ ቁጥር ደመና አለ። የሰው ድርሰት ከራስ ጣሪያ በላይ ሲንሳፈፍ መዋል እንዴት ያለ ፈተና ነው። እሷ ዕቅድ የላትም፣ ሰንጠረዥ የላትም፤ የምትጽፈው ምሳ ሰዓት ላይ ጉልበቷን ጠረጴዛ አድርጋ ነው። እሱ ሥራ ፈቶ ሦስት በር ሲያበጅ እሷ ሰማዩን ጨረሰችው።

መጋቢት መጨረሻ ደረሰ። ሰኞ ቀን የእሷ መጨረሻ፣ የእሱ ደግሞ እስከደረሰበት ተነቦ እጅ ሊወጣ፣ ዓርብ ማታ ከሥራ ሲወጡ ገዲሴ በር ላይ ጠበቀችው። በመሠረተ ትምህርት የተማረ ሰው የጻፈውን ለሕዝብ ከማስነበቡ በፊት ለአስተማሪው አሳይቶ ፊደሉን ማሳረም በፋብሪካው የተለመደ ነው፤ እሷም ልማዱን አልዘለለችም።

«ጋሼ፣ እስከ ሰኞ ፊደሉን ይዩልኝ።»

«አለቀ?»

«አልቋል። ግን ከመጨረሻው ክፍል በፊት አንድ ነገር ጎድሎኛል። ምን እንደሆነ አላወቅኩትም። አራት ሉክ ባዶ ትቼበታለሁ።»

«ዕቅድ ብታወጪ ኖሮ አይጎድልሽም ነበር።»

«እሱስ ልክ ነዎት» አለች፣ ከልቧ። ብታሾፍበት ይሻለው ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ወጋየሁ ግቢው ውስጥ፣ ልብስ ማስጫው ሥር ዱካ ላይ ተቀመጠና ቀይ እስክርቢቶ አዘጋጅቶ ማረም ጀመረ። በመቶ ገጽ ውስጥ ሦስት ስህተት አገኘ። ተመልሶ ከመጀመሪያው ፈለገ፤ ሁለቱ ስህተት አለመሆናቸውን አወቀ። ቀዩን እስክርቢቶ አስቀመጠው። ባዶዎቹ አራት ሉኮች ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ነጭ ናቸው፣ ዝም ብለው ያዩታል።

ሐሳቡ የመጣው ያኔ ነው። ይህቺን ደመና አላቢ ሰው የወደዳት ሰማይ ላይ ሆና ነው፤ መሬት ላይ ትውረድና ይያት። ቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ላይ ላቁማት፤ ሰው በየሳምንቱ ለስኳርና ለሳሙና የሚቆምበት ሰልፍ ላይ። ምሳ ሰዓት ላይ ስለ ሰልፍ መስማት የሚፈልግ ማነው? በዚያ ላይ ድንጋዮቹ አሉ። በዚያ ሰፈር ሰው ሲደክመው ቦታው ላይ ድንጋይ አስቀምጦ ይሄዳል፤ ድንጋዩ ሰልፍ ይይዝለታል። ከድንጋዮቹ ሁሉ ፊት ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ቀይ ቀለም የተቀባ ድንጋይ አለ። ማን እንዳስቀመጠው፣ መቼ እንደሚቀመጥ ያየ ሰው የለም፤ የማን እንደሆነ ግን አገር ያውቃል። የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር የጓድ ከበበው ነው። ቀዩን ድንጋይ ልጨምርበት አለ ወጋየሁ በልቡ። ጓድ ከበበው ሲሰማ ይኮሳተራል፤ እሱ ከተኮሳተረ ደግሞ ለገዲሴ እጁን የሚያወጣ ማን ነው? ያሰበው ይህንኑ ብቻ ነው፤ እጅ መውጣቱንና አለመውጣቱን።

በገዛ እጅ ጽሑፉ መጻፍ ጀመረ፤ የእሷም እጅ ጽሑፍ ነውና። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቱ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ሳያውቅ ጻፈ። ክፋቱ እንደ ሞተር ይነዳው ነበር። አፀደ የታጠበ ልብስ ይዛ ብትወጣ ባሏ ብቻውን እየሳቀ አገኘችው።

«ምን ያስቅሃል?»

«ዘንዶው ነው።»

«ወጣ?»

«ገና ነው» አለና ገጹን ገለበጠ። ፀሐይ ሳትጠልቅ አራቱም ሉክ ሞላ።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ጓድ ከበበው ከፊት፣ ብቻውን አንድ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ቦጋለ መጀመሪያ የዘንዶውን አነበበና በጭብጨባ ሳይሆን በእፎይታ ተሸኘ። ከዚያ የገዲሴን ደብተር ከፈተ። ገዲሴ ደብተሩን ጠዋት ከወጋየሁ ተቀብላ በቀጥታ ለቦጋለ ነበር የሰጠችው፤ አልገለጠችውም።

ቦጋለ አነበበ። «ደመና አላቢዋ ቅሏ ተሰበረባት። ሌላ ቅል ቀበሌ ሱቅ ይመጣል ተባለና ሰልፍ ያዘች። ፀሐይ ሲበረታባት እንደ ሰው ሁሉ ድንጋይ አስቀምጣ ሄደች። ቅሉ ግን ዛሬም አልመጣም፣ ነገም አልመጣም። ድንጋዮቹ መቆም ሰለቻቸውና ወሬ ጀመሩ። አንቺ የማን ድንጋይ ነሽ፣ እኔ የእነ እንትና ነኝ። ከወሬው ትውውቅ፣ ከትውውቁ ፍቅር መጣ። ሰባተኛዋ ድንጋይ ለስምንተኛው ታጨች። ሽማግሌ የሆነው ከወንዝ የመጣው ሙልሙል ድንጋይ ነው፤ ሰርጉ ላይ ሰልፉ እንዳይፈርስ ሁሉም በየቦታው ቆሞ ጨፈረ።»

የመጀመሪያው ሳቅ ከእትዬ ሐሚዳ መጣ፤ እንደ ማስነጠስ ያለ። ወጋየሁ ደነገጠ። መሳቅ አልነበረባቸውም።

«በዓመቱ ጠጠር ወለዱ» ቀጠለ ቦጋለ፤ የራሱን ሳቅ ዋጥ እያደረገ። «ሦስት ጠጠር። ቅሉ በመጨረሻ ሲመጣ ድንጋዮቹ ለልጆቻችንም ይሰጠን አሉ። የሱቁ ሰው መነጽሩን አድርጎ መዝገቡን አገላበጠና፣ ጠጠር በቤተሰብ ደብተር ላይ አልተመዘገበም አላቸው። መቼ እንመዝገብ ቢሉት፣ ለመመዝገብ ሰልፍ ያዙ አላቸው። በምን እንያዝ ቢሉት፣ በድንጋይ አላቸው።»

አዳራሹ ፈረሰ። ሰው ጠረጴዛ ላይ ተደፋ፣ ሰው በሰው ላይ ተደገፈ። ዘበኛው በሩን ጥሎ ገባ። እትዬ ሐሚዳ ሻሿን ፈትታ ዓይኗን እየጠረገች፣ «ገዲሴ፣ ወላሂ ገደልሽኝ፤ ጎኔን፣ ጎኔን ያዙልኝ» ትላለች። ወጋየሁ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። በአራት ደብተር፣ በአራት ዓመት አንድ ሰው ያላሳቀው ወጋየሁ፣ ሦስት መቶ ሰው አሳቀ። ሦስት መቶውም ሰው የሚያየው ገዲሴን ነው።

ገዲሴ አፏን ከፍታ ደብተሩን ታያለች።

«ከሁሉ ፊት ግን» አነበበ ቦጋለ፣ «አንድ ቀይ ድንጋይ ነበረ። እሱ አያወራም፣ አይጨፍርም፣ አይሰለፍም። ሰልፉ ነው ከኋላው የሚሰለፈው።»

ይህን ካነበበ በኋላ ነው ያነበበው ነገር የገባው። ሳቁ ከፊት ረድፍ ጀምሮ እንደ መብራት እየጠፋ እስከ በሩ ሄደ። ጓድ ከበበው ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«ይህን የጻፈው ማነው?»

«ደብተሩ የገዲሴ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለ ቦጋለ፤ ራዲዮው ባትሪው አልቆ ነበር።

ወጋየሁ ያኔ ሁለት ነገር አየ። አንደኛው የገዲሴ ፊት ነው፤ እንደ አመድ ሆኗል። እንዲህ ያለ ነገር ጽፈው ለጥያቄ ተጠርተው ሳይመለሱ የቀሩ ሰዎች ወሬ በሰፈሩ አይጠፋም፤ እሱ ግን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ከሚወጣው እጅ ሌላ አላሰበም ነበር። ሁለተኛው ነገር እትዬ ሐሚዳ ናት፤ በዚያ ሁሉ ፍርሃት መሃል ገዲሴን አሁንም በፍቅር ታያታለች፣ ዓይኗ ገና በሳቁ እንደረጠበ። ከሁለቱ የትኛው ከግድግዳው እንዳላቀቀው እሱም በኋላ ሲጠየቅ አያውቅም። አፉ ግን «ድንጋዮቹ የኔ ናቸው» አለ።

«ምን?»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት። ቅዳሜ። ልብስ ማስጫው ሥር ተቀምጬ።»

ጓድ ከበበው ዞሮ አየው። «ጓድ ወጋየሁ፣ ይሄ የእሷ እጅ ጽሑፍ ነው።»

«የኔ ነው። ከኔ ነው የወሰደችው።»

ሁለቱም ሰሌዳው ላይ እንዲጽፉ ታዘዙ። «ሦስት ጠጠር ወለዱ» ብለው ጻፉ፣ እሱ በግራ፣ እሷ በቀኝ። ጓድ ከበበው ቀረብ ብሎ አየ፣ ራቅ ብሎ አየ። ሁለቱም «ጠ» ወደ አንድ ጎን አንከስ ይላሉ።

«ይሄ አያስረዳም» አለ። «ስማኝ፣ ጓድ ወጋየሁ። አራት ደብተርህን እዚሁ ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ። የበር ማጠፊያ ስምንት ገጽ ነግረኸናል። ያንን የጻፈ እጅ፣ እስቲ አንተው ፍረድ፣ እነዚህን ድንጋዮች ሊያጋባ ይችላል?»

«ችያለሁ።»

«አይችልም» አለ አንድ ሰው ከኋላ፣ በሐዘኔታ።

«ደግ ሰው ስለሆነ ነው እንጂ» አለች እትዬ ሐሚዳ። «ተማሪው ናታ፤ ሊሸከምላት ነው።»

«እኔ ማንንም አልተሸከምኩም። ምቀኝነት ነው ያስጻፈኝ» አለ ወጋየሁ። «ድርሰቷን ላበላሽባት ብዬ ነው።»

«ውይ፣ ጭራሽ ስሙን አጠፋላት» አለችና እትዬ ሐሚዳ እንደገና አለቀሰች፤ አሁን በሌላ ምክንያት።

ጓድ ከበበው ገዲሴን «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አላት። ገዲሴ መሬት መሬት እያየች ዝም አለች። አንድ ሰው አምኗል፣ አንድ ሰው ዝም ብሏል፤ ነገሩን ወደ በላይ ማስተላለፍ ይቻላል። ግን ለማስተላለፍ ቀዩ ድንጋይ የሚያመለክተው ማንን እንደሆነ በጽሑፍ መግለጽ ያስፈልጋል።

«ለመሆኑ» አለ ጓድ ከበበው ቀስ ብሎ፣ አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር እያየ፣ «ቀይ ድንጋይ የሚባለው ምንድነው? የሚያውቅ አለ?»

ሦስት መቶ ሰው አላወቀም። የሚያውቅ ሰው እንዴት ይገኛል? ጓድ ከበበው ራሱም አላወቀ።

ስለዚህ በዚያው ከሰዓት ቢሮው ውስጥ ቃለ ጉባኤ ተያዘ። ወጋየሁ ግለ ሂስ አደረገ። «ምክንያት» የሚለው ላይ ቅናት ብለው ይጻፉልኝ ቢል፣ ጓድ ከበበው መመሪያውን አገላብጦ ቅናት የሚባል ጥፋት ስላጣ «ንዑስ ከበርቴያዊ ዝንባሌ» ብሎ መዘገበው። አራቱ ሉኮች ተቀድደው ወጥተው እሳት ውስጥ ገቡ። የዓመቱ ዕቅድ ግን መሳካት አለበትና የቀረው የገዲሴ ድርሰት እንዲባዛ ተወሰነ፤ ዘንዶው ከውድድሩ ተሰረዘ። ለጥፋተኛው ቅጣት፣ ሁለት መቶውን ቅጂ ማባዣውን በእጁ እያዞረ እንዲያወጣ።

ቅጣቱ ቀላል ነበር፤ ከባዱ ክብሩ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ወጋየሁ በኮሪደር ሲያልፍ ሰው ይነሳለታል። እትዬ ሐሚዳ ሳምቡሳ ጠብሳ አመጣችለት። ቦጋለ እጁን በሁለት እጁ ጨበጠው። «እኔ ነኝ የጻፍኩት» ይላቸዋል፤ «እናውቃለን፣ እናውቃለን» ይሉትና ይጠቅሱታል። ድንጋዮቹ በበኩላቸው ከፋብሪካው ወጥተው ሳሪስ ደረሱ፣ ከሳሪስ ቄራ ተሻገሩ። በየሰልፉ ሰው ድንጋዩን ሲያስቀምጥ «እንዳታገባብኝ» እያለ ይስቃል። አንድ ቀን ውይይት ታክሲ ውስጥ ፊት ለፊቱ የተቀመጠ የማያውቀው ሰው ታሪኩን ከሀ እስከ ፐ አወራለትና፣ «አንዲት የላፍቶ ሴት ናት አሉ የፈጠረችው፤ ጭንቅላት ነው» አለው። ወጋየሁ ሁለት ፌርማታ ቀድሞ ወርዶ በእግሩ ገባ።

«አንቺ አይተሽኛል አይደል፣ ስጽፍ?» አላት አፀደን እንደገባ።

«አይቻለሁ። ዘንዶው ነው አልከኝ።»

«ዘንዶ እንዳልሆነ ሄደሽ ንገሪያቸው።»

«ሚስት ምስክር ትሆናለች እንዴ፣ ወጌ? እሷንም ለባሏ ብላ ነው ይሉኛል።» ትንሽ አሰበችና፣ «ደግሞ እውነቱን ቢያምኑህ እኮ ሳምቡሳው ይቀራል» አለችው።

ሚያዝያ ላይ ማባዛቱ ተጀመረ። ክፍሉ ከመጋዘኑ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ ቀለም ቀለም ትሸታለች። ወጋየሁ የማባዣውን እጀታ ያዞራል፣ ገዲሴ የሚወጣውን ወረቀት እየተቀበለች እንዳይነካካ ትዘረጋዋለች። መጀመሪያ የወጣው ሽፋኑ ነው። «ደመና የምታልበው ሴት። ድርሰት፣ ገዲሴ ሂርጳ።» እጀታው አንዴ በዞረ ቁጥር ስሟ አንዴ ይወጣል። ስሟ ጥቁር ነው፣ ገና እርጥብ፣ ያበራል። ወጋየሁ ላለማየት ጣሪያውን እያየ ማዞር ሞከረ፤ ድምፁ ግን ይሰማል፤ ቸፍ፣ ቸፍ።

ሰባኛው ላይ ሲደርሱ ገዲሴ «ጋሼ» አለች።

«እ።»

«ያን ቀን ዝም ያልኩት ፈርቼ ብቻ አይደለም።»

እጀታውን አላቆመም።

«ፈርቻለሁ፣ አልዋሽም። ግን እትዬ ሐሚዳ እንደዚያ ስትስቅ፣ ምነው የኔ በሆነ ብዬ ተመኘሁ። ከዚያ ሰው ሁሉ የአንቺ ነው አለኝ። እርስዎ ተነስተው የኔ ነው ሲሉ ተናደድኩ፤ ያድኑኛል እንኳ አላልኩም። ሊወስዱብኝ መስሎኝ።»

እጀታው ቆመ። «ቀናሽብኝ?»

«አቃጠሉኝ። ያንን ባዶ ቦታ ሦስት ወር አየሁት። እርስዎ በአንድ ቅዳሜ፤ ያውም ለክፋት።»

ወጋየሁ ሊቆጣ ፈለገ፤ መብቱ ነበር። ግን ያ ለወራት ሆዱ ውስጥ የከረመው ትኩስ ካውያ፣ አሁን ከፊቱ በቆመች ልጅ ጉንጭ ላይ ሲፋጅ ያየው መሰለውና ቁጣው ተምታታበት። ይልቅ ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በይ ለእትዬ ሐሚዳ ብቻ ንገሪልኝ። ሌላ ሰው ይቅር» አላት።

«ለእሷማ ጨርሶ አልነግርም።»

«ለቦጋለ።»

«አልነግርም፣ ጋሼ። ለማንም።»

«እንዴት ያለሽ ክፉ ነሽ።»

«ነኝ» አለች። አንድ ሽፋን አንስታ እፍ አለችበት፣ አስቀመጠችው፣ ደግማ አነሳችው። የምትለው ነገር እንዳላለቀ ያስታውቃል። በመጨረሻ፣ ስሟን ወደ ታች ደፍታ እየዘረጋች፣ «ጠጠሮቹስ?» አለች።

«የትኞቹ ጠጠሮች?»

«ያውቃሉ እኮ። ሦስቱ ጠጠሮች። ሊመዘገቡ ሰልፍ ያዙ ተባለ፤ ከዚያ ሉኩ አለቀና እዚያው መንገድ ላይ ትተዋቸዋል። ተመዘገቡ? ወይስ ዝናብ ወሰዳቸው? ከለቡ እስከዚህ ስመጣ መንገዱ ሁሉ ጠጠር ነው፤ እያየሁ እብድ ልሆን ነው። እኔ ልጨርሰው ሞከርኩ፤ እምቢ አለኝ።»

ወጋየሁ የጠጠሮቹ መጨረሻ ምን እንደሆነ አያውቅም ነበር። ፊቱ ላይ ግን ይህን እንዳታይ ቶሎ ጎንበስ ብሎ እጀታውን ያዘና ማዞር ጀመረ። በአራት ዓመት፣ በአራት ደብተር «ከዚያስ?» ያለው ሰው አልነበረም። ስሟ ይወጣል፣ እሱ ያዞራል፤ ሰባ አንድ፣ ሰባ ሁለት፣ ሰባ ሦስት።

«ጋሼ፣ እየጠየቅኩዎት ነው።»

«ሰምቼሻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ወረቀት ጨምሪ» አላት።